በደማቸው የሚኮሩት ጎረቤቴ

በደሙ የሚኮራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በየቀኑ አገኛቸዋለሁ፤ የቡራዩ ጎረቤቴ ኦቦ ለሚ ናቸው። የአባቶቻቸውን ስም መቁጠር ከጀመሩ የሚኒባስ ወረፋ ያስረሳሉ።

ልጃቸው ገመቹ ሊያገባ ሲል ቤተሰቡ በሙሉ ክሊኒክ ሄዶ በዘር ለሚተላለፍ የደም ሕመም ተመረመረ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ነርሷ ኦቦ ለሚን፣ "አባባ፣ እርስዎን አያምዎትም። ግን ደምዎ ውስጥ ለልጅ የሚተላለፍ እንከን አለ። ገመቹና እጮኛው ሁለቱም ካለባቸው የሚወልዱት ልጅ ሊታመም ይችላል" አለቻቸው።

ይደነግጣሉ ብለን ስንሰጋ ደረታቸውን ነፉ። "ከአባቴ የወረስኩት ነው! እንከን አትበይው!"

የገመቹ ውጤት ነጻ ሆኖ ሲመጣ እጮኛው እልል አለች። የኦቦ ለሚ ፊት ግን ጠቆረ። "ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! እንዴት እኔን አይወርስም? ይሄ ልጅ የማን ደም ነው?" ብለው ወደ ሚስታቸው ወደ አደ ጫልቱ ዞሩ።

ነርሷ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት አደ ጫልቱ ቀደሟት። "የኔ ነዋ! ብቻዎን ነበር እንዴ ያማጡት?"

በሠርጉ ቀን ኦቦ ለሚ ድንኳኑ ውስጥ ለሙሽራዋ ዘመዶች ሲያወሩ ሰማኋቸው። "ልጄ ተመርምሮ ነጻ ነው። ድሮስ በእኛ ዘር እንከን የት አለና!"