ርኅራኄ በድምፅ ብልጫ

እሴት የሚወድ አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ጁባ ውስጥ ገጥሞኛል። ቶንፒንግ በሚባለው የከተማው ሰፈር የምሠራበት ሆቴል ባለቤት ጋሽ ታደሰ፣ ከአንድ ሥልጠና ከተመለሱ ወዲህ በየጠዋቱ አሰልፈው «ርኅራኄ! ትጋት! አንድነት!» ያስብሉን ነበር። ምን አለፋችሁ፣ ወጡ እንኳ የሚጨለፈው በዓላማ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከተማው ውስጥ ተኩስ ሲጀመር፣ የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው መጥተው በራችንን አንኳኩ። ጋሽ ታደሰ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ፈሩ። ሲፈሩ ደግሞ ስብሰባ ይጠራሉ።

«ጥያቄው፣ ርኅራኄያችን ደንበኛ ላልሆነ ሰው ይሠራል ወይ ነው» አሉ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

አንዱ አስተያየት ሰጠ፤ ሌላው ማሻሻያ አቀረበ። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። ውጭ ሕፃን ያለቅሳል።

ወጥ ቤታችንን የምትመራው ዘሃራ ተነሥታ ወጣች። ወዲያው የትልቁ በር መቀርቀሪያ ሲሳብ ሰማን።

«ዘሃራ! ገና ድምፅ አልሰጠንም እኮ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ታደሰ።

«እናንተ ቀጥሉ ጋሼ» አለች፣ እናቶቹን እያስገባች። «እኔ ለልጆቹ ሩዝ ልጣድ።»

 ጋሽ ታደሰ ኮታቸውን አወለቁና የውሃ ጀሪካን አንሥተው ወደ ወጥ ቤት ተከተሏት።