ሰላምታ ያልመለሰችው መኪና

መኪና ሲፈላ መካኒክ አይጠፋም። አላያችሁም? ኮፈኑ ከፍ ሲል በዚያ የሚያልፍ ሁሉ አንገቱን ያስገባል። አንዱ «ውሃ ጨምርበት» ይላል። ሌላው «አገሩ ነው፣ ሙቀቱ ነው» ይላል። በቅሎ እንኳ ነድቶ የማያውቀው ደግሞ «ዘይቱን አይተኸዋል?» ብሎ ይቆጣል። በነጌሌ መንገድ ስመላለስ የተማርኩት ግን ቀላል ነው። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋ። ቀጥሎ እጅህን ሰብስብ፤ የጋለ ራዲያተር የሚከፍት ፊቱን የጠላ ሰው ብቻ ነው። ሲበርድ ውሃውን እይ፣ ከዚያ ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጋ፣ ከዚያ የጎማ ቱቦዎቹን። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰስክ ብረቱ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማወቅና መታገስ ግን አንድ ቤት አያድሩም።

በደርግ ጊዜ የአባቴን አሮጌ የጭነት መኪና እነዳ ነበር። አባቴ ነጌሌ ገበያ ላይ ሱቅ ነበራቸው፤ ስኳሩንና ጨርቁን ከሻሸመኔ የማመጣው እኔ ነኝ። መኪናዋን «እሜቴ» እላታለሁ። ሲላት ትሄዳለች፣ ካላላት ትቆማለች፤ ታዲያ ከዚህ ሌላ ምን ልበላት?

አንድ ጠዋት ዋደራ ላይ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ መንገድ ዳር ቆማ አገኘሁ። ዝናሽ ትባላለች። ባሏ ነጌሌ ጦር ሰፈር አስር አለቃ ነው። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ለመውለድ ጎጃም ሄዳ ነበር፤ አሁን መመለሷ ነው። የመጣችበት አውቶቡስ ዋደራ ላይ ተሰብሮ ቀርቷል። የባሏ ጦር ደግሞ ነገ ወደ ሰሜን ይንቀሳቀሳል ሲባል ሰምታለች። «ወንድሜ፣ ልጁን ሳያያት እንዳይሄድብኝ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

እኔም ደረቴን ነፋሁ። አይዞሽ፣ ለምሳ ከባልሽ ጋር ነሽ አልኳት። እሜቴን ረገጥኳት። እሜቴ ደግሞ መረገጥ አትወድም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ቁልቁለቱ መሃል መፍላት ጀመረች። ትንሽ ቆም ብዬ ጀሪካን ሙሉ ውሃ አጠጣኋትና ቀጠልኩ። ውሃው የት እንደሄደ ያወቅሁት እንደገና ስትፈላ ነው፤ ለካ የታችኛው ቱቦ ተቀዷል። በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ ግጥም አድርጌ አሰርኩት። ግን ምን ዋጋ አለው? ጠብታ ውሃ የለኝም። ደግነቱ ሞተር ጠፍቶም ቁልቁለት ቁልቁለት ነው፤ አንሸራቶ ቦረናዎቹ ከብት የሚያጠጡበት ኤላ አጠገብ አደረሰን።

ኤላ ስላችሁ ተራ ጉድጓድ እንዳይመስላችሁ። ጥልቅ ነው። ወጣቶቹ ከታች እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጡታል። ከብቱ ዘፈኑን ሰምቶ ይመጣል። ሁሉም በተራ ነው፤ ተራውን የሚይዙ ሽማግሌ አሉ፣ አባ ሄሬጋ ይሏቸዋል። ለዝናሽ ወዲያው ወተት ሰጧት። የሰው ጥም ወረፋ የለውም አሉ። እኔም ፈጠን ብዬ፣ አባ፣ መኪናዬም ጠምቷታል አልኳቸው።

አሰብ አደረጉ። ሰው ከሆነች አሁኑኑ ትጠጣለች፣ ከብት ከሆነች ግን ተራዋን ትጠብቃለች አሉ። እንዴት ይታወቃል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እሳቸው አልቸገራቸውም። ዱላቸውን ይዘው እሜቴ ፊት ቆሙና በትሕትና «አካም?» አሏት። እሜቴ እስስስ አለች።

«ሰላምታ የማይመልስ ሰው አላውቅም» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ከብት ናት። ከግመሎቹ በኋላ።»

ለመንኳቸው። የሴትዮዋን ነገር ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ሕፃኗን አይተው ወደ ከብቶቹ ዞሩ። ዝናሽ ግራር ስር ተቀምጣ የነጌሌን መንገድ ታያለች። አንጀቴን በላችው። እኔ ከእሜቴ ብሼ ጋልኩ።

ድንገት በዚያው በነጌሌ በኩል አቧራ ተነሳ። ወታደር የጫኑ መኪናዎች ናቸው። ነገ የተባለው ጦር ዛሬ ተነስቷል። እኛ መንገድ ላይ ብንሆን ኖሮ በአቧራው ውስጥ ተላልፈን ማን ማንን ያይ ነበር? እነሱ ግን የፊተኛዋ መኪናቸው ፈልታ ውሃ ፍለጋ ቆሙ። ሁሉም አቧራ ለብሰው አንድ መልክ ሆነዋል። ዝናሽ ቆማ ትፈልጋለች፣ አትለየውም። ከኋላኛው መኪና ላይ አንዱ ስሟን ጠራ።

ወርዶ መጣ። ሕፃኗን ስትሰጠው እጁን በሱሪው ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። ከዚያ ተቀበላት። እኔ ቱቦ እንደማይ ሰው ኮፈኑ ውስጥ ገባሁ።

አዛዣቸው ሻምበል አስቸኳይ ግዳጅ ነው፣ ውሃው አሁን ይቀዳ አለ። አስተረጎምኩ። ሽማግሌው ወደ ወታደሮቹ መኪና ሄደው ለእሷም «አካም?» አሏት። ይህችም ዝም። «ከግመሎቹ በኋላ» አሉ። ሻምበሉ ተቆጣ። ጉድጓዱን አየ፤ ያለ እነዚያ ወጣቶች ውሃው እንደማይወጣ ገባው። ከዚያ ዓይኑ ግራሩ ስር ደረሰ። አስር አለቃው ለልጁ የሆነ ነገር እያወራላት ነው። ሻምበሉ ባርኔጣውን አወለቀና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ይሁን» አለ።

ግመሎቹ ጆሮዋ የተቀደደ አንዲት ግመል እየመራቻቸው መጥተው ጠጡ። ሌሎች መጡ፣ ጠጡ። ቀጥሎ ያቺው ጆሮዋ የተቀደደ ግመል እየመራቻቸው የመጡትን ሳይ ግን ቅድም የጠጡት ናቸው። ገንዳው ላይ ቆመው ሰማይ ያያሉ። ወጣቶቹ ይዘፍናሉ፤ ባልዲው ግን ግማሽ እየሆነ በዝግታ ይወጣል። ጠጋ ብዬ፣ አባ፣ እነዚህ እኮ ጠጥተዋል አልኳቸው።

«ግመል ይረሳል» አሉኝ።

መቼስ ሁሉም ነገር ያልቃል። የመኪናዎቹ ተራ ደረሰ። የእሜቴን ክዳን ስከፍት እንፋሎት እንኳ አልወጣም፤ መጠበቁ ለእሷም በጅቷታል። ሽማግሌው የሕፃኗን ግንባር ነክተው «ሆሪ ቡሊ»፣ ርቢ፣ ኑሪ ብለው መረቁ። አስር አለቃው መኪና ላይ ወጣ። ዝናሽ ነጌሌ እስክንገባ አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

እሱ አልተመለሰም። ዝናሽ እዚያው ጦር ሰፈሩ አጠገብ ቀረች፣ ልጅቱም ነጌሌ አደገች። በዚያ ሰፈር አባቱ አይቶት ይሁን አይሁን የማያውቅ ልጅ ብዙ ነበር። ይህችኛዋ መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር፣ መልሱን እያወቀች፣ ትጠይቀኛለች።

«አባባ፣ አባቴ አይቶኛል?»

«አይቶሻል።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«የጠጡ ግመሎች እንደገና እስኪጠሙ።»