አንበሳ ልናይ የሄድን ዕለት

ልጆች ይዞ ሙዚየም የገባ ሰው አይቶ ሳይሆን ቆጥሮ ነው የሚወጣው። ሞክራችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ። መስታወት ውስጥ የቆመውን አጋዘን አይታችሁ ገና "እንዴት ያምራል!" ልትሉ ስትሉ አንዷ ልጅ ጠፍታለች፣ ሌላው አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፏል፣ ሦስተኛው ሽንት ቤት ይጠይቃል። አጋዘኑ እንደሆነ የትም አይሄድም ብላችሁ ልጅ ፍለጋ ትሮጣላችሁ።

በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼን አዲስ አበባ ወስጄ የእንስሳት ሙዚየም ለማሳየት ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቼ፣ ስንት ማኅተም አስመትቼ፣ በመጨረሻ አውቶቡስ ተገኘ። የልጆቹ ልብ ግን አንድ ነገር ላይ ብቻ ነበር። አንበሳ! ሚኤሶን ስናልፍ አንበሳ፣ የአዋሽ ኬላ ተፈትሸን ስንሳፈር አንበሳ፤ መንገዱን ሙሉ ሲያገሱ ውለው በመጨረሻ ሾፌሩም አብሮ አገሳ። እኔም ብሆን ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ነበር።

በሩ ላይ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ጥበቃ፣ ጋሽ በቀለ፣ ተቀበሉን።

"ስሙ ልጆች፣ አንበሳው ያለው መጨረሻው ክፍል ነው። አንድ ሰው ከጮኸ ግን ሁላችሁም ወደ ውጭ!"

ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ወፎቹን አለፍን፣ እባቦቹን አለፍን፤ ኮሽታ የለም። እንዲህ ያለ ጨዋ ክፍል አስተምራለሁ እንዴ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ዝንጀሮው መጣ።

የኛ ልጆች፣ ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ወጥተው ዝንጀሮ ሲጠብቁ የሚውሉ ናቸው። ዝንጀሮ ደግሞ ሴት አይፈራም ይባላል። ስለዚህ ፋጡማ፣ ከሂርና ወገን የመጣችው ተማሪዬ፣ የወንድሟን ባርኔጣ ደፍታ ነው ማሳ የምትውለው። አሁን ባላጋራዋ ጥርሱን አሳይቶ ፊት ለፊቷ ቆሟል፤ ባርኔጣው ደግሞ ቤት ቀርቷል።

"ያ ጃልዴሳ! ሂድ፣ ጃልዴሳ!" ብላ ዝንጀሮውን በኦሮምኛ ስሙ ጠርታ ጮኸችበት።

አንዴ ከተጀመረ ማን ያቆመዋል? ክፍሉ በሙሉ ጮኸ፣ አጨበጨበ፤ አንዱማ ወንጭፍ ፍለጋ ወገቡን ዳበሰ። ጋሽ በቀለ እየሮጡ ደረሱ። አበቃልን! ያን ሁሉ መንገድ መጥተን አንበሳውን ሳናይ ልንመለስ ነው።

"ማነው የጮኸው?"

"እኔ ነኝ አባባ" አለች ፋጡማ። "ወላሂ አምልጦኝ ነው።"

"የሞተ መሆኑ አይታይሽም?"

"የኛዎቹም እኮ እንዲሁ ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት። ዘወር ስንል ማሽላው የለም።"

ጋሽ በቀለ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አልቻሉም። ሳቃቸው ከልጆቹ ጩኸት በለጠ። "ኑ፣ ኑ ወደ አንበሳው!" አሉ፣ ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ እየጠረጉ።

አንበሳው ከነጎፈሩ ተኮፍሶ ቆሟል። ልጆቹ ከበቡት። ማንም ትንፍሽ አላለም።

"አያችሁ?" አሉ ጋሽ በቀለ በኩራት። "እሱን ስታዩ ድምፃችሁ ጠፋ። ፈራችሁ አይደል?"

"ኧረ አልፈራንም፤ ምን አደረገን?" አለች ፋጡማ። "እሱ ማሽላ አይበላ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "መምህር፣ ዝንጀሮው ጋ እንመለስ?"

ምን ላድርግ? ተመለስን።