ፖሊሽ ያስደረግኋትን መኪና ስሸጥ

እኛ አገር ሰው መኪናውን ፖሊሽ የሚያስደርገው ሊለያት ሲል ነው። አብራው ስትኖር አቧራ ለብሳ ትከርማለች፤ ልትሸጥ ነው ሲባል በሰም ታሽታ፣ ተወልውላ ዓይን ታጭበረብራለች። ያን ሁሉ ውበት የሚያየው እንግዲህ ባዕድ ነው። ለምን እንዲህ እንደምናደርግ የሚመለከተው አካል ቢያጠናልን ደስ ይለኛል።

የእኔም አሮጌ ነጭ መኪና ተራዋ ደረሰ። ባለቤቴ ቡልጋሪያ ማዞሪያ አካባቢ ካለ ጋራዥ ወስጄ ፖሊሽ እንዳስደርጋት፣ ገዢ ሲመጣ ደግሞ አፌን እንድዘጋ አሳሰበኝ። የመጀመሪያው ቀላል ነበር። ሁለተኛው ግን ከበደኝ፤ ኅሊና የሚባለው ነገር እኔ ዘንድ ያለ አበል ትርፍ ሰዓት ይሠራል። ሚኒባስ ውስጥ የሰው እግር ረግጬ ይቅርታ ብጠይቅ አልበቃ ብሎኝ፣ ያለ ፌርማታዬ ወርጄ ሰውየውን ተከትዬ የደገምኩለት ሴት ነኝ። ሰውየው ሌባ መስዬው ቦርሳውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

ጋራዡ ውስጥ ማሽኑን የያዘው ጎልማሳ ሥራውን ሲጨርስ፣ «እናት፣ አሁን መሸጡ አይቆጭሽም?» አለኝ። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ እናት ያለኝን ግን ይቅር ብዬዋለሁ። ጎንበስ ብዬ ኮፈኗ ላይ ፊቴን አየሁት። ሊዋሽ የተዘጋጀ ሰው ፊት ነበር።

ቤት ገብቼ ይህ ማታለል አይደለም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ባለቤቴ ፊት መታጠብ ነው እንጂ ምን ማታለል አለው አለ። አንቺስ ሠርግ ስትሄጂ ትኳኳዪ የለም ወይ ሲልም ጨመረ። እኔ ሠርግ ስሄድ አልሸጥም አልኩት።

በማግሥቱ ደላላው ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ይዞ ካዛንቺስ በራችን ላይ ቆመ። ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መኪናዋን ዞሯት። «ወይ ጉድ! እንዴት ተይዛለች!» አሉ። አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ማብረቅረቋን አይመኑ» አልኳቸው። የግራ በሯ ተጋጭቶ እንደገና የተቀባ እንደሆነ፣ ዳገት ላይ ደግሞ ካምቢዮዋ እንደሚያስቸግር፣ ሁለተኛ ማርሽ አልገባም እንደምትል ዘረዘርኩላቸው። ደላላው ሳል ጀመረው። ባለቤቴ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ሰማዩን መመርመር ያዘ።

ጋሽ ታደሰ ፈገግ አሉ። «አይ ልጄ! ልትለዪያት አልፈለግሽም ማለት ነው።»

«ኧረ ማርያምን፣ እውነቴን ነው! መካኒክ ያሳዩዋት!»

«ሴት ልጆች አሳድጌያለሁ» አሉ፣ ኮፈኗን ዳበስ እያደረጉ። «የማይሰጡትን ነገር እንዴት እንደሚያጣጥሉ አሳምሬ አውቃለሁ።»

ዘይት ታንጠባጥባለች ብላቸው ቸኮሉ። የኋላው መስኮት አይወርድም ብላቸው ጭራሽ ሐሳቤን እንዳልቀይር ፈርተው ውሉ ዛሬውኑ ይፈረም አሉ። ተፈረመ። የሚባለውን ሁሉ ብያለሁና ኅሊናዬ የዓመት ዕረፍቱን ወጣ።

ከቀናት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ከለገሃር ወደ ላይ በሚወስደው ዳገት መሐል ቆመው፣ ከኋላቸው የተሰለፈው መኪና ሁሉ በጥሩምባ ይሰድባቸዋል። ካምቢዮዋ እምቢ ብሏል።

«ጋሼ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እሱማ ነግረሽኛል» አሉ በምሬት። «የጎዳኝም እሱ ነው። አንደዜ ዝም ብትይኝ ኖሮ እጠረጥርሽና መካኒክ አሳያት ነበር!»