ጥርሴና የወይዘሮ ዘርፌ ዱቄት

በኛ አገር ማንም ሰው ሳይማር የሚያውቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የሰማይ ነገር ነው፤ ሁለተኛው የሰው በሽታ። ደጅ ወጥተህ ቀና ካልህ፣ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ነፋሱ ከጣና በኩል ነውና ከሰዓት በኋላ ይጥላል ይልሃል። ጉንጭህን ይዘህ ካቃሰትህ ደግሞ ያው ሰው፣ ያውም በዚያው ድምፅ፣ ነጭ ሽንኩርት ያዝበት ይልሃል። ዝናቡ ሳይጥል ቢቀር ተመልሶ ይቅርታ የሚጠይቅህ የለም። ጥርሱም ባይሻልህ እንዲሁ ነው።

እኔ ይህን በደንብ የተማርሁት ጣሊያን ጎንደርን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ክረምት ነው። ክረምት ስል ደግሞ ዝም ብሎ ክረምት እንዳይመስልህ። ፀሐይን ያየ ሰው ሮጦ ለጎረቤቱ የሚያወራበት ክረምት ነበር። ጣሊያኖቹ ፒያሳ ላይ አዲስ ቤት ይሠራሉ፤ ጠዋት የለሰኑትን ግድግዳ ከሰዓት ዝናቡ ያጥበዋል። እኛም በየበረንዳው ተጠልለን፣ በሐዘን አንገታችንን እየነቀነቅን እናያለን። በሐዘን መሆኑን አምነውን ነበር መሰለኝ፤ አንዳንዶቹ እጅ እየነሱን ያልፉ ነበር።

እኔ ከነዚያ በረንዳዎች በአንዱ ላይ ልብስ ሰፊ ነበርሁ። ልብስ ሰፊ መቀስ ቢኖረውም ክሩን የሚበጥሰው በጥርሱ ነው። መቀሱ ለጨርቅ፣ ጥርሱ ለክር ተባብለው የተማማሉ ይመስል። አንድ ቀን ታዲያ የወታደር ካኪ ስሰፋ፣ ያንን ወፍራም ክር ነክሼ ሳብ ባደርገው፣ ከመንጋጋዬ ተነሥቶ እስከ ጆሮዬ መብረቅ ሄደ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ሰማዩስ ምንም አላደረገም። በማግሥቱ ስነሣ ግራ ጉንጬ እንደ ድፎ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

ከዚያማ የሰፈሩ ሐኪም ሁሉ ተነሣ። አንዱ ቅርንፉድ አኝክበት አለኝ። በምኔ ላኝክ? ሌላው አረቄ ያዝበትና አትዋጠው አለኝ፤ ያዝሁበት፣ ያለመዋጡ ግን አልሆነልኝም። አንዲት ሴት ጤና አዳም ጆሮዬ ውስጥ ወትፋ ሄደች። የደብሩ ቄስ ጥርስ የሚያመው ብዙ የሚያወራ ሰው ነው ብለው መክረውኝ ሲያበቁ፣ እኔ አፌን መክፈት ስላልቻልሁ፣ እሳቸው ስለ ዝምታ ጥቅም ረጅም ጊዜ አወሩልኝ።

ዝም ያሉት ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘርፌ ብቻ ናቸው። ወይዘሮ ዘርፌ ባላቸው ሞተው ጠላ እየሸጡ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከእናቴ የማያንስ፣ ሰው ሲያማ እንኳ ሰምተው የማይጨምሩ ሴት ነበሩ። መጡና አገጬን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩኝ። በቅሎ የሚገዛ ነጋዴ በቅሎዪቱን እንደሚያይ፣ በዚህም በዚያም አድርገው አዩኝ።

«ሸጋ አብጧል» አሉ።

ያበጠ ጉንጭ ሲመሰገን ሰምቼ አላውቅም። እብጠቱን የሚያጎድል ነገር እንዳልነካ አስጠነቀቁኝ። ነገ ጠዋት ወለቃ ወስደው አያ ይርጋ ዘንድ ጥርሴን እንደሚያስነቅሉልኝ ነገሩኝ። ገንቦ ስለሚያስፈልጋቸው፣ ዱቄት ጭነው በዚያው በሸክላ ሊለውጡ ነው።

ወለቃ ከከተማው በስተሰሜን ያለች የቤተ እስራኤሎች መንደር ናት። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። የኛ ሰው ቀን ማረሻውን እዚያ ያስላል፣ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ያማቸዋል፣ ጠዋት ደግሞ ማጭዱን ይዞ ይመለሳል። አያ ይርጋ ከማረሻው ጎን ለጎን ጥርስ ይነቅላል። ወይዘሮ ዘርፌም፣ የመንደሩ ስም ራሱ ወለቃ ነው፤ እዚያ ሄዶ ያልወለቀለት ማን አለ ብለው አጽናኑኝ።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ የነጠላ ቁራጭ አምጥተው ከአገጬ እስከ አናቴ ጠቅልለው አሰሩኝ። ብርድ እንዳይገባው ነው አሉ። አህያዋ ላይ የዱቄት ስልቻ ጫኑ። እኔ ከፊት፣ አህያዋ ከመሀል፣ እሳቸው ከኋላ ሆነን ጉም ውስጥ ገባን።

ከከተማው መውጫ ላይ ኬላ አለ። በዚያ ሰሞን ወደ ወገራ በኩል ከአርበኞች ጋር ተኩስ ነበርና፣ ወታደሮቹ እንኳን ሰው፣ ዛፍ ሲነቃነቅ የሚደነግጡበት ጊዜ ነው። እንግዲህ አስበው። ከጉም ውስጥ መንጋጋው በነጭ ጨርቅ የተጠመጠመ፣ ዓይኑ የቀላ፣ የሚንገዳገድ ሰው ብቅ አለ። አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? እነሱም ያንኑ አሉ። ጠመንጃቸውን ደግነው ከበቡኝ። ከመረብ ማዶ የመጣ አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ያገር ሰው ወታደር፣ አስተርጓሚያቸው ነበርና፣ የት ቆሰልህ ብሎ ጠየቀኝ።

«ጥ...» አልሁ። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

የኬላው አለቃ፣ ማርሻሎ የሚሉት፣ ከድንኳኑ ወጣ። ሰፊ ትከሻ፣ ትልቅ ጢም ያለው ሰው ነው። ጨርቄን ፈቶ ጣለው። ቁስል ሲያጣ አፌን እንድከፍት አዘዘ። እንደምንም ከፈትሁ። ክብሪት ጭሮ አፌ ውስጥ አበራ። ወታደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ተራ በተራ ጎንበስ እያለ ያያል። የጎንደርን ግንብ እንኳ እንዲያ ተጋፍተው አላዩትም። ማርሻሎው ክብሪቱን ጣለና ከልቡ ተነፈሰ።

«ዴንቴ» አለ። ጥርስ ማለቱ ነው።

ከዚያ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? የራሱን አፍ ከፍቶ አሳየኝ። በቀኝ በኩል አንድ የጠቆረ ጥርስ፣ ዙሪያው ድዱ ያበጠ። ለካ ያ ሁሉ ጢም ያበጠ ጉንጭ ሸፍኖ ኖሯል። ሁለታችን አፋችንን ከፍተን መሀል መንገድ ላይ ተያየን። በዚያች ደቂቃ ገዥና ተገዥ አልነበርንም፤ ሁለት ድዶች ነበርን።

ወዴት ትሄዳለህ አለኝ በአስተርጓሚው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሽታዬን ሳልደብቅ መድኃኒቴንም ጭምር ነገርሁት። አያ ይርጋን በምልክትም በቃልም፣ ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ እየሳብሁ፣ አሞገስሁለት። ወይዘሮ ዘርፌ ከኋላዬ ሲያስሉ ይሰማኛል። እኔ ጉንፋን ነው ብዬ ማሞገሴን ቀጠልሁ። የጦሩ ጥርስ ነቃይ ለካ አዘዞ ወርዶ ማኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል፤ ማርሻሎውም እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ባርኔጣውን ደፋ፣ የዝናብ ካፖርቱን ለበሰ፣ አስተርጓሚውን አስከተለና አብሬያችሁ እሄዳለሁ አለ።

መንገድ ስንጀምር ወይዘሮ ዘርፌ ፊታቸው አመድ መስሏል። ማርሻሎውና አስተርጓሚው ትንሽ ቀደም ሲሉልን ጠጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«ምትኩ፣ ዱቄቱ ውስጥ የወንድሜ የምንሽር ጠመንጃ መዝጊያ አለ። ተሰብሮበት ነው። አያ ይርጋ ነው የሚያበጅለት።»

ወንድማቸው ወገራ ዱር ውስጥ መሆኑን ያን ጊዜ ሰማሁ። ያን ጊዜ ጠመንጃ የተገኘበት ሰው ይሰቀላል። ጠመንጃው ሙሉ ነው ጎዶሎ ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ የለም።

«ታዲያ እኔን ምነው አመጡኝ?» አልሁ።

«ጤነኛ ሰው ቀጥቃጭ ቤት ሲሄድ ይጠየቃል፤ ጥርሱን የታመመ ሰው ግን ያሳዝናል። አብሮህ ይመጣል ብዬ መች አሰብሁ።»

ዶሮን ሲደልሏት በመጫኛ ጣሏት። እኔማ ለጥርሴ ያዘኑልኝ መስሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ ሲወርድ ማርሻሎው ዞር አለና አህያዋን አየ። ቆመ። ልቤም ቆመ። ካፖርቱን ከላዩ አወለቀና እየጮኸ ወደኛ መጣ። ወይዘሮ ዘርፌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰውየው ግን ካፖርቱን ስልቻው ላይ ዘርግቶ፣ ጫፍ ጫፉን ጠቅጥቆ አለበሰው። አስተርጓሚው፣ ማርሻሎውን እናቱ ወፍጮ ቤት ነው ያሳደጉት፤ ዱቄት ሲበሰብስ ማየት አይችልም አለን። እንዲህ ሆኖ የአርበኛው የምንሽር መዝጊያ በጣሊያን የጦር ካፖርት ተጠቅልሎ፣ ባለ ካፖርቱ በዝናብ እየራሰ፣ ወለቃ ገባን።

አያ ይርጋ ወናፉ አጠገብ ቁጭ ብሎ ማጭድ ይሞርዳል። የጣሊያን ባርኔጣ በበሩ ጎንበስ ሲል ሲያይ ሞረዱ ከእጁ ወደቀ። እኔ ነገሩን ሳስረዳ፣ አስተርጓሚው ስልቻውን ከአህያዋ ላይ አውርዶ ወደ ውስጥ ይዞ ገባ። መሀል ላይ ቆም አለ። ስልቻውን ከእጁ ወደ እጁ አዛወረ። በመዳፉ አንድ ቦታ ላይ ጫን አደረገ። ወታደር ነው፤ የያዘውን ዕቃ ቅርጽ አይስተውም። ወይዘሮ ዘርፌን አያቸው። እሳቸውም አዩት። ምድጃው ውስጥ ከሰሉ ሲንጣጣ ይሰማል።

«እናቴ» አላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይህ ዱቄት አልላመም። በሌላ ቀን ደኅና አድርገሽ አስፈጪው።»

ከዚያ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማርሻሎው መቀመጫ ፈልጎ ዙሪያውን ቃኘ። ማናችንም ቃል ሳንተነፍስ ስልቻው ላይ ዘፍ አለ። ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ የሆነ ነገር ቆረቆረው መሰለኝ። ግን ጥርሱን የሚያመው ሰው መቀመጫውን መች ያዳምጣል? አያ ይርጋ ጉጠቱን እሳት አሳየው፣ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ ጉልበቱን የማርሻሎው ደረት ላይ አሳረፈ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይላሉ፤ አያ ይርጋ ግን ባለቤቱን እየፈራ አጥሩን ነቀነቀው። ማርሻሎው እናቱን ጠራ። የመንደሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ጥርሱ ወጣ።

ሰውየው ደሙን ተፋና ሳቀ። ተነሥቶ አያ ይርጋን አንገቱን አቅፎ ግራና ቀኝ ሳመው። አያ ይርጋ ለጥርስ ነቀላ ካልሆነ በቀር በሃይማኖቱ ሥርዓት ከውጭ ሰው ጋር የማይነካካ ሰው ነበርና፣ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ ደርቆ ቀረ። ያን ቀን ወንዝ ወርዶ ሲታጠብ መቼም አጭር ሰዓት አልቆየም።

«አሁን ያንተ ተራ ነው» አለኝ አስተርጓሚው።

እዚህ ላይ አንድ እውነት ልንገርህ። ሕመሙ የለም። ከመንገድ ጀምሮ ጠፍቷል። ድንጋጤን የመሰለ የጥርስ መድኃኒት አላየሁም፤ የሰፈሬ ሐኪሞችም አንዳቸው አላዘዙልኝም። ተሽሎኛል ልል አፌን ስከፍት ወይዘሮ ዘርፌ አፈጠጡብኝ። ለካስ ጥርሱን ያላመመው ሰው ቀጥቃጭ ቤት ምን ይሠራል ይባላል። የተከፈተውን አፌን እንደ ከፈትሁ ተቀመጥሁ። ማርሻሎው በወንድምነት መንፈስ ከኋላዬ መጥቶ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ያዘልኝ። አያ ይርጋ የትኛው ነው አለኝ። ምኑን አውቄ? ካበጠው ጎን አንዱን በግምት ነካሁለት።

የወጣውን ጥርስ አያ ይርጋ ወደ እሳቱ አስጠግቶ አገላብጦ አየው። ነጭ ነው፤ እንከን የለውም።

«ሸጋ ጥርስ ነበር» አለኝ በሹክሹክታ።

ማርሻሎው ካፖርቱን አንሥቶ ዱቄቱን አራገፈ። ድዴ እስኪጠግ ድረስ እኔና ወይዘሮዋ በኬላው በፈለግን ጊዜ ሳንፈተሽ እንድናልፍ አዝዣለሁ ብሎ፣ በአስተርጓሚው አስነግሮን፣ እያፏጨ ሄደ። አስተርጓሚው ከበሩ ሲወጣ ዞር ብሎ አላየንም። ድምፃቸው ሲርቅ እኔ ከሰሉ ክምር ላይ ተቀመጥሁ። አያ ይርጋ ግን መዝጊያውን ከዱቄቱ አውጥቶ ሥራውን ጀመረ። እንደ ጨረሰም ከወይዘሮ ዘርፌ ጋር ጥግ ይዘው ጥቂት ተነጋገሩ፤ እኔ ደም እየተፋሁ ስለነበር አልሰማሁም።

ስንመለስ ዝናቡ አባርቷል። ፀሐይ ወጥታ የጎንደር ኮረብታ ሁሉ ያበራል። ወታደሮቹ ገና ሲያዩን መንገድ ለቀቁልን፤ አንዱማ አህያዋን አሻሸልን። ነፍሴ መለስ ያለች መሰለኝ። ኬላውን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ግን ያ መብረቅ፣ ያው ራሱ፣ ከመንጋጋዬ ተነሥቶ ወደ ጆሮዬ ሄደ። በምላሴ ብዳብሰው የታመመው ጥርሴ ከባዶው ቦታ አጠገብ ተኮፍሶ ተቀምጧል። የተነቀለው ምንም ያላጠፋው ጎረቤቱ ነው።

ላለቅስ ምንም አልቀረኝ፤ ለወይዘሮ ዘርፌ ነገርኋቸው። አህያዋን አቁመው አፌን አስከፈቱኝና ጎንበስ ብለው አዩት። ፊታቸው በራ።

«ተመስገን» አሉ።

«ምነው?» አልሁ።

«ቃታውም ላልቷል ብዬ ብነግረው አያ ይርጋ አምጪውና ልየው ብሎኝ፣ ድድህ ከጠገገ በኋላ በምን ሰበብ እመጣለሁ ብዬ ስጨነቅ ነበር።»

አህያዋን ነድተው ቀደሙኝ። እኔም ከኋላቸው እየተከተልሁ፣ ምንሽር ስንት ብልት እንዳለው በልቤ እያሰብሁ፣ በምላሴ የቀሩትን ጥርሶቼን መቁጠር ጀመርሁ።