የ«ኢዴላ ኩርፊያ» ፈቃድ

የትም አገር ሂዱ፣ የአበባ ክበብ ካለ «አስፈቅደሃል?» ባይ አይጠፋም። እዚህ ሚኒሶታ የእኛ የአይሪስ አበባ ክበብ የታደለው ክብርት ወይዘሮ አርዲት ስቴነሩድን ነው።

ወይዘሮ አርዲት የዝርያ መዝገባችን ጠባቂ ናቸው። አዲስ አይሪስ ያዳቀለ ሰው የአበባውን ስምና ቁመት ያስመዘግባል፣ በራሱ ቃል ይገልጸዋል፣ ፎቶም ያያይዛል። «ስሙና ቁመቱ የሁሉም ነው። ቃሉና ፎቶው ግን ባለቤት አለው። አስፈቅደሃል?» ይላሉ። ሊቀመንበራችን የገዛ አበባቸውን ፎቶ ሲለጥፉ እንኳ «ያነሳችው ሚስትዎ ናት፤ አስፈቅደዋታል?» ተባሉ። ሄደው አስፈቀዱ። ሚስትየውም አጋጣሚውን ሳታሳልፍ ጋራዡን አስጠረገቻቸው።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ። ክበባችን በየዓመቱ የሚሸጣቸውን አበቦች ዝርዝር የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ነፍሱን ይማረውና ቨርሊን ክሮል አዳቅሎ በሚስቱ ስም የሰየመው «የኢዴላ ኩርፊያ» ገዢ ካጣ ሰንብቷል፤ ዘንድሮም ካልተሸጠ ከመስካችን ሊነቀል ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ የለም። እኔም ቨርሊን መዝገቡ ላይ የጻፈውን እንዳለ ገለበጥኩት፦ «ቀትር ላይ ቢጫ፣ ማታ ወርቅ። ዝናብ ቢወርድበት አንገቱን አይደፋም፤ እሷም እንደዚሁ ናት።»

«አስፈቅደሃል?» አሉኝ ወይዘሮ አርዲት።

«ሰውየው እኮ ሞቷል።»

«ባለቤቱ አልሞቱም።»

እልህ ያዘኝና በራሴ ቃል «ቢጫ፣ ረጅም፣ ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡት። «ውሻ ጠፍቶብህ ነው?» አሉኝ።

መኪናቸው ውስጥ አስገብተው አረጋውያን መጦሪያ ቤት ወሰዱኝ። ወይዘሮ ኢዴላ መስኮት ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ወይዘሮ አርዲት ይዘው የመጡትን የሎሚ ኬክ ቆረሱላቸው፤ እኔ የቨርሊንን ቃል አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«እስቲ ድገምልኝ።»

ደገምኩላቸው።

«ታዲያ ይፈቅዱልናል?» አሉ ወይዘሮ አርዲት።

«ለዘንድሮ ብቻ» አሉ ወይዘሮ ኢዴላ አፋቸውን እየጠረጉ። «ለከርሞ ደግሞ መጥታችሁ ጠይቁኝ።»

ስንወጣ አላስቻለኝም። «አንድ ጊዜ ቢያስፈርሟቸው ለሁልጊዜው ይበቃ አልነበር?» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ መኪናቸውን እያስነሱ። «ለዚህ እኮ ነው ወረቀት ይዤ የማልመጣው።»

«የኢዴላ ኩርፊያ» ተሸጦ አለቀ። አንዱ አሁን እኔ ደጅ በቅሏል። ይህን ስለ ወይዘሮ አርዲት የጻፍኩትንም ነገ ይዤላቸው ልሄድ ነው፤ ሳላስፈቅድ እንዴት አወጣዋለሁ። «ለዘንድሮ ብቻ» ቢሉኝ ደስታዬን አልችለውም።