የሰብሳቢው ሆድና የኮሚቴው ታማኝነት

ጨዋነት የሞላበት ኮሚቴ ማየት የሚሻ ካለ የዚያን የምርምር ተቋም የገንዘብ ኮሚቴ ይመልከት። አንዲት የተቋሙ ዶክተር የአንጀት ባክቴሪያ ለማጥናት ፌሎሺፕ የሚሉትን የድኅረ ዶክትሬት የጥናት ድጎማ ከጠየቀች ዓመት አልፏታል፤ ኮሚቴው ግን «ሰገራ» የምትል ቃል በተከበረ ስብሰባ ላይ ማንሳት ነውር ነው እያለ አጀንዳውን በይደር ያቆየዋል። ገንዘቡ እስከ ዓርብ ካልተፈቀደ የናሙናዎቿ ፍሪዘር መብራቱ ይቋረጣል። የልፋቷ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

እግዜር ግን ደግ ነው፤ የሰብሳቢውን ሆድ ነፋው። መድኃኒት ቢውጡ፣ ቢታሹ፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ሆዳቸውን ደግፈው ላቦራቶሪዋ ድረስ መጡ።

መረመረቻቸው። «ክቡር ሰብሳቢ፣ አንጀትዎ ውስጥ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻውን ነግሦ ሌሎቹን ጨርሷቸዋል።»

«ተቃዋሚ የለም በይኛ!» ደስ አላቸው።

«በሽታዎ እኮ እሱ ነው። ከጤነኛ ሰው ሰገራ ባክቴሪያ ተወስዶ ለእርስዎ መሰጠት አለበት።»

ወሬው ኮሚቴው ጆሮ ደረሰ። አቤት ታማኝነት! ያቺን ቃል ላለመስማት ጆሮውን ይይዝ የነበረ ሁሉ በማግስቱ ብልቃጡን ታቅፎ ላቦራቶሪው በር ላይ ተሰለፈ።

«የእኔን ይውሰዱልኝ!» አለ ምክትሉ።

«ኧረ የእኔ ይቅደም! ለእሳቸው ስል ቅጠላ ቅጠል ብቻ ነው የበላሁት» አሉ የፋይናንስ ኃላፊዋ፣ በክርናቸው እየገፉት።

ዶክተሯ የሁሉንም መረመረች። ጉድ በል! ሁሉም ሆድ ያንኑ ባክቴሪያ አንግሧል። ሰብሳቢው ያልቀመሱትን ላለመቅመስ፣ የደገሙትን ለመድገም አባላቱ በየግብዣው ሲጠነቀቁ ስንት ዘመናቸው! በግቢው የተለየ ሆድ የተገኘው የዶክተሯ ብቻ ነበር፤ ግብዣ ተጠርታ አታውቅማ።

ዓርብ ጠዋት ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ዶክተሯ ፊታቸው ቆመች።

«ልጄ፣ ፌሎሺፑ በሙሉ ድምፅ ተፈቅዷል» አሉ ሰብሳቢው።

«እግዜር ይስጥልኝ! ጥናቱን ዛሬውኑ...»

«የምን ጥናት? የተፈቀደው ለሆድሽ ነው። አንቺም ከፈለግሽ አብረሽው መምጣት ትችያለሽ።»

«ፍሪዘሩስ?»

«ሆድሽ ፍሪዘር ምን ያደርግለታል?»

ዶክተሯ ሳቋ አመለጣት። «እኔስ ይሁን። የፍሪዘሩ መብራት ከተቋረጠ ግን ሆዴ ይብሰዋል፤ የባሰው ሆድ ደግሞ ለሰው አይተርፍም።»

ሰብሳቢው በድንጋጤ ብድግ አሉ። «ማንም እንዳይነካው! ጥናቱም ይቀጥል!»

ኮሚቴው ፍሪዘሩን ሊጠብቅ ተንጋጋ። የፋይናንስ ኃላፊዋ ብቻ በሩ ላይ ቀረት ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት፦

«እኔ የምልሽ፣ ሆድሽ ዛሬ ቁርስ ምን በላ? ነገ ሁላችንም እሱን እንብላ።»